የወተት ቅባትን ያስለካን ሰው፦ ስቲቨን ባብኮክ

በዲፓርትመንታችን የወተት ላብ የቅባት ምርመራ የሰራ ተማሪ አሲዱ ከወተቱ ጋር ሲገናኝ ጠርሙሱ እንዴት እንደሚግልና እንደሚጠቁር አይረሳውም። እኔ ግን ከዚያ በፊትም ያልረሳሁት ነገር አለኝ። ልጅ ሆኜ እናቴ ሁለት ክልስ ላሞች ነበሯት፤ ጠዋት ጠዋት ወተቱን ለአንድ ሰብሳቢ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ሰውየው ላክቶሜትሩን ነከረና ወተቱ ውሃ አለበት ብሎ ሰው ፊት መለሰኝ። ጀሪካኑን ተሸክሜ እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። ወተቱ ገና ከጡት የወረደ፣ ትኩስ ነበር። ላክቶሜትር በተወሰነ ሙቀት እንዲነበብ ተደርጎ እንደሚሰራ፣ ትኩስ ወተትንም ቀጭን አስመስሎ እንደሚያሳይ ያወቅኩት እዚህ ሁለተኛ ዓመት ስገባ ነው። ይበልጥ የሚያናድደው ደግሞ ሌላው ነው። ስልባቦቱን ገፎ ውሃ የሚጨምር ሰው በዚያው መሣሪያ ማለፍ ይችላል። ቅባት ሲወጣ የወተቱ እፍጋት ይጨምራል፣ ውሃ ሲገባ ይቀንሳል፣ ሁለቱ ይቻቻሉና መሣሪያው ምንም አላየሁም ይላል። ጉድ እኮ ነው!

ስለ ባብኮክ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይሄው ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት የአሜሪካ ገበሬዎችም እዚሁ ጣጣ ውስጥ ነበሩና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስቲቨን ሞልተን ባብኮክ በ1843 በኒው ዮርክ ግዛት ገጠር ተወለደ። በ1866 ከተፍትስ ኮሌጅ ተመርቆ ኬሚስትሪን በኮርኔል፣ ቀጥሎም በጀርመን አገር በጎቲንገን ተማረ፤ ዶክትሬቱን በ1879 አገኘ። ከተመለሰ በኋላ ጄኔቫ በምትባለው የኒው ዮርክ ከተማ በሚገኝ የግብርና ምርምር ጣቢያ ሰራ። በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሄደ፣ ዕድሜውንም እዚያው ጨረሰ።

በዚያን ጊዜ የቅቤና የአይብ ፋብሪካዎች ወተት የሚገዙት በክብደት ነበር። ልብ በሉ፤ ፋብሪካው የሚፈልገው ቅባቱን ነው፣ የሚከፍለው ግን ለውሃውም ጭምር ነው። ላሙን በደንብ የሚቀልበውና ወተቱን ሳይነካ የሚያመጣው ገበሬ ከሌባው እኩል ይከፈለዋል። ታዲያ ማን ይደክማል? ቅባት መለኪያ ዘዴ አልነበረም ማለት አይደለም፤ የነበረው ግን ኬሚስትና ሰዓታት የሚፈልግ ነው። ገበሬና የፋብሪካ ሠራተኛ በራሳቸው እጅ የሚሠሩት ነገር ያስፈልግ ነበር።

ባብኮክ ያገኘው መፍትሔ አሁን ስናየው ቀላል ይመስላል። 17.6 ሚሊ ሊትር ወተት አንገቱ ረጅምና ቀጭን በሆነ ጠርሙስ ይገባና ወደ 17.5 ሚሊ ሊትር የሚሆን ጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ይጨመርበታል። አሲዱ ፕሮቲኑን አሟሙቶ ቅባቱን ይለቅቀዋል። ጠርሙሱ በማሽን ይሽከረከራል፣ ሙቅ ውሃ ሲጨመርበት ቅባቱ ወደ አንገቱ ይወጣል፣ በመቶኛ በቀጥታ ይነበባል። በቃ። እኛ አሚል አልኮል እየጨመርን የምንሰራው የገርበር ዘዴ የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው።

ስለዚህ ሥራ ከሚነገረው ሁሉ እኔን የነካኝ የአንዲት ላም ነገር ነው። ዘዴው መጀመሪያ ሲሞከር በዩኒቨርሲቲው ላሞች ሁሉ ወተት ላይ ሰርቶ በአንዲት ላም ወተት ላይ ብቻ እምቢ አለ ይባላል። አለቃው ይታተም ሲለው ባብኮክ አሻፈረኝ አለ። እኛ ብንሆን ያችን ላም ከዳታው አውጥተን ሪፖርታችንን እናስገባ ነበር (እኔ በበኩሌ አድርጌዋለሁ)። እሱ ግን የእያንዳንዱ ገበሬ ላም ያቺ ላም ልትሆን ትችላለች ብሎ ሳይሆን አይቀርም ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1890 ሲያወጣው ለሁሉም ይሠራ ነበር። ፓተንት አልጠየቀም፤ ማንም እንዲሰራበት ለቀቀው።

ከዚያ በኋላ የተለወጠው ክፍያው ብቻ አይደለም። ገበሬው የእያንዳንዷን ላም ወተት ለየብቻ ማስመርመር ጀመረ። በ1905 ሚሺጋን ውስጥ ገበሬዎች ላሞቻቸውን በጋራ የሚያስለኩበት ማኅበር አቋቋሙ። መዝገቡ ሲከፈት በመልኳና በባልዲ ሙሊቷ የተከበረች ላም የበላችውን እንኳን የማትከፍል ሆና የምትገኝበት ጊዜ ነበር። የፋርም ማኔጅመንት ኮርሳችን ላይ መዝገብ መዝገብ እየተባልን የምንሰለቸው ነገር መነሻው ይህ ነው።

የሚገርመው ቁጥር የሰጠን ይኸው ሰው ቁጥርን ብቻውን አያምንም ነበር። የዘመኑ ሳይንስ ሁለት መኖዎች በኬሚካል ትንተና እኩል ከሆኑ ለላሟም እኩል ናቸው ይል ነበር። ባብኮክ በዚህ ላይ ለዓመታት ሲያሾፍና ሲከራከር ኖሮ በ1907 የሥራ ባልደረቦቹ እነ ሃርት 16 ጊደሮችን በአራት ቡድን ከፍለው ሙከራውን ጀመሩ። አንዱ ቡድን ከበቆሎ ተክል፣ ሁለተኛው ከስንዴ፣ ሦስተኛው ከአጃ፣ አራተኛው ከሦስቱ ድብልቅ ብቻ በላ፤ በወረቀት ላይ ሁሉም እኩል ነበር። የበቆሎዎቹ ፀጉራቸው አማረ፣ ጤነኛ ጥጃ ወለዱ። የስንዴዎቹ ግን ከሱ፣ ጥጆቻቸው ደካማ ሆነው ወይም ሞተው ተወለዱ። በወረቀቱ ላይ ያልነበረውን ነገር ፍለጋ ከዚያው ቡድን የነበረው ማኮለምና ማርጌሪት ዴቪስ በ1913 ዛሬ ቫይታሚን ኤ የምንለውን በቅቤ ቅባት ውስጥ አገኙ። ባብኮክ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጣ፣ በ1931 በ87 ዓመቱ አረፈ።

ባለፈው ሴሚስተር እናቴ አሁን ካሏት ሁለት ላሞች ለየብቻ ናሙና አምጥቼ ላብ ውስጥ ለካሁ። ጥቁሯ 3.2፣ ቡላዋ 4.7 ከመቶ ሆኑ። ለእናቴ ስነግራት ሳቀች፤ ስትንጥ ታውቀዋለችና። እንዲያውም ጥቁሯን ቅቤ የላትም ብላ ልትሸጣት አስባ ነበር። አብረን ስናሰላው ግን ጥቁሯ በቀን 12 ሊትር ስለምትሰጥ ቅባቷ ከ390 ግራም በላይ ነው፤ የቡላዋ 7 ሊትር 340 ግራም ገደማ። ሽያጩ ለጊዜው ቀርቷል። የትኛዋ ምን ያህል እንደምትበላ ግን ገና አልተለካም፤ እስከዚያው እናቴ ፋጉሎውንና ፉርሽካውን ለየላሟ በጣሳ ትሰፍራለች፣ ታናሽ እህቴ ደብተር ላይ ትጽፋለች።