ኤዲሰንና ቀድማ የምትቀልጠው ሽቦ

ከጅዳ ወደ መካ የሚወስደው መንገድ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በሰኔና በሐምሌ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል፤ በመኪና ሞተር ክዳን ሥር ያለው ሙቀት ደግሞ ከዚያም የላቀ ነው። በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት መኪኖች መካከል በሻንጣ መጫኛቸው አምፕሊፋየር ያስገጠሙ አሉ። ከባትሪው ተነሥቶ በምንጣፍ ሥር አልፎ እስከ ኋላ የሚዘልቀው ወፍራም ሽቦ አራት ወይም አምስት ሜትር ይረዝማል፤ በራሱ ላይ የምትቀመጠው ፊውዝ ግን ከጣት አትበልጥም። የተቀዳ ድምፅ፣ የጎላ ድምፅ እና ሽቦውን ከእሳት የምትጠብቀው ፊውዝ፣ የሦስቱም ታሪክ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ያልፋል። ሰውዬው ጅዳንም መካንም ያላየው፣ ጆሮውም በቅጡ የማይሰማው ቶማስ አልቫ ኤዲሰን ነው።

ኤዲሰን እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 1847 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ማይላን በምትባል ከተማ ተወለደ። በዚያው ዓመት ሉዊ ብሬጌ የተባለ ፈረንሳዊ የቴሌግራፍ ጣቢያዎችን ከመብረቅ ለመጠበቅ በመስመሩ ላይ ቀጭን ሽቦ እንዲገባ ሐሳብ ማቅረቡ ግጥምጥሞሽ ብቻ ነው፤ ሆኖም ይህ ሐሳብ ከ30 ዓመታት በላይ ቆይቶ በኤዲሰን እጅ ወደ ሰዎች መኖሪያ ቤት ገባ።

ልጅነቱን ያሳለፈው በሚቺጋን ግዛት ፖርት ሂውረን ነው። በባቡር ላይ ጋዜጣና ከረሜላ እየሸጠ ያደገ ሲሆን፣ በዕቃ መጫኛው ፉርጎ ውስጥ ያቋቋመው ትንሽ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ በእሳት ተያይዞበታል። የመስማት ችሎታውም ከልጅነቱ ጀምሮ እየደከመ ሄደ። ከዚያ በኋላ በቴሌግራፍ ኦፕሬተርነት ከከተማ ወደ ከተማ ተዘዋወረ፤ በ1869 የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት በድምፅ መስጫ መቁጠሪያ አገኘ፤ በ1876 በኒው ጀርሲ ሜንሎ ፓርክ ዝነኛውን ቤተ ሙከራ ከፈተ።

በ1877 መገባደጃ ላይ የሰውን ድምፅ ቀድቶ መልሶ የሚያሰማውን ፎኖግራፍ ሠራ። እምብዛም የማይሰማ ሰው ድምፅን ለትውልድ የሚያቆይ መሣሪያ መሥራቱ የሚያስደንቅ ነው፤ የመሣሪያውን እንጨት በጥርሱ ነክሶ ንዝረቱን በራስ ቅሉ አጥንት በኩል ያዳምጥ እንደነበር ይታወቃል። የመጀመሪያው ፎኖግራፍ ድምፅን የሚቀርጸው በስስ የቆርቆሮ ወረቀት ላይ ስለነበረ ቶሎ ይበላሽ ነበር። በሰም ሲሊንደር የሚሠራውን የተሻሻለ መሣሪያ ያወጣው በ1888 ነው። ከ11 ዓመታት በኋላ በ1899 ዳግማዊ አጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የመልስ መልእክታቸውን በድምፃቸው የላኩት በእንዲህ ዓይነቱ ሲሊንደር ነው።

ሲሊንደሩ ወደ ቀይ ባሕር ማዶም ተሻግሯል። የሆላንዱ ምሁር ክርስቲያን ስኑክ ሁርግሮንዬ በ1884 ጅዳ ደርሶ፣ በ1885 ወራትን በመካ ተቀምጦ የከተማዋን ኑሮ፣ በዚያ ይኖሩ የነበሩትን ሐበሾች ጭምር፣ መዝግቧል። ከ20 ዓመታት ገደማ በኋላ፣ እሱ ራሱ ወደ መካ ሳይመለስ፣ በጅዳና በመካ የቁርኣን ንባብና ዘፈን በሰም ሲሊንደር እንዲቀዳለት አደረገ፤ ቅጂዎቹ ዛሬ በላይደን ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። የቁርኣን ንባቡ በ1885 የተቀዳ ነው የሚል ወሬ ደጋግሞ ይሰማል። በዚያ ዓመት የኤዲሰን የሰም ሲሊንደር ገና አለመውጣቱን ያስተዋለ ግን ወሬውን አይቀበልም። እነዚያ መሣሪያዎች አምፕሊፋየር አልነበራቸውም፤ ድምፁ በቀንዱ ጉሮሮ ከሚወጣው በላይ አይጎላም ነበር።

ወደ ፊውዟ የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው ከአምፖሉ ነው። በ1879 ዓመቱ ሊገባደድ ሲል ኤዲሰን የሚሠራ አምፖል ለሕዝብ ሲያሳይ ዋናው ጭንቀቱ ከብርሃኑ ይልቅ መዳብ ነበር። የሂሳብ ሊቁ ፍራንሲስ አፕተን ስሌቱን ሠርቶ እንዳሳየው፣ ቮልቴጁ ዝቅ ካለ ያንኑ ኃይል ለማድረስ ብዙ አምፔር ያስፈልጋል፤ ብዙ አምፔር ደግሞ ወፍራም ሽቦ ይጠይቃል፤ የወፍራም መዳብ ዋጋ ሥራውን ሁሉ ያከስረዋል። ስለዚህ ኤዲሰን ከፍ ያለ መከላከያ ያለውን አምፖል መርጦ ቮልቴጁን 110 አካባቢ አደረገ። ያም ሆኖ ሽቦዎቹ ከግድግዳ ጀርባ የሚያልፉ በመሆናቸው ሁለቱ ቢነካኩ ቤቱ በእሳት መያያዙ የማይቀር ነበር።

መፍትሔው እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 1880 በፈጠራ መብት ቁጥር 227,226 ተመዘገበ። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ መስመር ላይ ከዋናው ሽቦ የቀጠነች አጭር ሽቦ ትገባለች፤ ተገቢውን ኤሌክትሪክ ታሳልፋለች፤ ከልክ ሲያልፍ ቀድማ ትቀልጥና መስመሩን ትቆርጣለች። የቀለጠው ብረት ምንጣፍና የቤት ዕቃ ላይ እንዳይንጠባጠብም ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ሽፋን ውስጥ እንድትቀመጥ አደረገ። ስጋቱ ባዶ እንዳልነበረ የባለጸጋው ዊልያም ቫንደርቢልት ቤት ያስረዳል። ኤዲሰን በኋላ እንዳስታወሰው፣ በቤቱ የግድግዳ ወረቀት ውስጥ የነበሩ የብረት ክሮች ከኤሌክትሪኩ ሽቦ ጋር ተነካክተው ወረቀቱ መጨስ ጀመረ። መስመሩ እንደተዘጋ ጭሱ ቢቆምም፣ የቤቱ እመቤት መሣሪያው በሙሉ ተነቅሎ እንዲወጣ አዘዙ።

የመኪና ባለቤት ዛሬ የሚገጥመው ችግር ኤዲሰን በ110 ቮልት ያመለጠው ያው ችግር ነው። 500 ዋት በ110 ቮልት ከ5 አምፔር በታች ሲጎትት፣ በመኪናው 12 ቮልት ግን ከ40 አምፔር በላይ ይደርሳል። ፊውዝ የምትመረጠውም በዚሁ ስሌት ነው። እውነተኛ የማያቋርጥ ኃይሉ 500 ዋት የሆነ፣ ከመቶ 80 እጁን ወደ ድምፅ የሚቀይር ክላስ ዲ አምፕሊፋየር ከባትሪው 625 ዋት ይወስዳል። ሞተሩ ሲሠራ ያለው ቮልቴጅ 13.8 ያህል ስለሆነ 625 ለ13.8 ሲካፈል 45 አምፔር ይመጣል፤ ቀጥሎ ያለው የፊውዝ መጠን 50 ነው። ግማሹን ኃይል በሙቀት የሚያባክነው የቀድሞው ክላስ ኤቢ ከሆነ ግን ስሌቱ ከ72 አምፔር በላይ ያወጣል፤ 80 አምፔር ፊውዝና ለዚያ የሚመጥን ወፍራም ሽቦ ያስፈልገዋል። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የዋት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለዓይነ ስውር ገበያ የተጻፈ ነው፤ ሊታመን የሚገባው በአምፕሊፋየሩ ጎን ላይ ያሉት ፊውዞች ድምር ነው።

ብዙዎች የሚስቱት ግን ሌላ ነገር አለ። ከባትሪው አጠገብ የምትገባው ፊውዝ የምትጠብቀው አምፕሊፋየሩን አይደለም፤ ሽቦውን ነው። በመሆኑም ሽቦው ሊሸከም ከሚችለው አምፔር መብለጥ የለባትም፤ ከባትሪውም ከ45 ሳንቲ ሜትር በላይ ባትርቅ ይመረጣል፤ ከባትሪው እስከ ፊውዟ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውምና። ለ50 አምፔር 16 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ንጹሕ መዳብ ይበቃል። አሉሚኒየሙ መዳብ የተቀባ ርካሽ ሽቦ ከውጭ ሲታይ ቢወፍርም ያን ያህል አይሸከምም። የጅዳና የመካ ሙቀት ደግሞ የራሱን ጣጣ ያመጣል፤ ፊውዝ በሙቀት የምትሠራ ስለሆነች በጋለ ሞተር አጠገብ ከተጻፈባት ቁጥር ቀደም ብላ ልትቀልጥ ትችላለች። ሽቦው ከቻለ ከ50 ወደ 60 ከፍ ማድረግ ያስኬዳል። በተደጋጋሚ ስትቀልጥ 100 አምፔር ማስገባት ወይም በሲጋራ ወረቀት ብር መጠቅለል ግን ኤዲሰን በ1880 የዘጋውን በር መልሶ መክፈት ነው። የባሕሩ ጨዋማ እርጥበት ያዛጋቸው ማያያዣዎችም ይግላሉ፤ ያኔ ጥፋቱ የማያያዣው ሆኖ ሳለ ፊውዟ ትወቀሳለች።

ኤዲሰን በመስከረም 1882 በኒው ዮርክ ፐርል ስትሪት የኤሌክትሪክ ማመንጫውን አስጀመረ። ከዚያ በተለዋጭ ኤሌክትሪክ ላይ የከፈተው ዘመቻ ስሙን አላስከበረለትም፤ የተቀናቃኞቹን ኤሌክትሪክ አደገኛ ለማሰኘት ለሞት ቅጣት መሣሪያ ተገቢ ነው እስከ ማለት ደርሷል። ከዚህ ጋር ተያይዞ አጼ ምኒልክ የኤሌክትሪክ ወንበር አስመጥተው ዙፋን አደረጉት የሚለው ተረት በውጭ መጻሕፍት ሲዞር ኖሯል፤ በዘመኑ ሰነድ የተደገፈ ግን አይደለም።

የአምፕሊፋየር ዘርም ሳይታሰብ ከዚሁ ቤተ ሙከራ በቅሏል። አምፖሉ ለምን ውስጡ እንደሚጠቁር ሲመረምር ኤዲሰን ኤሌክትሪክ በባዶ ቦታ እንደሚሻገር አስተዋለ፤ መብቱን አስመዝግቦ ጥቅሙን ሳይደርስበት ተወው። ፍሌሚንግ በ1904፣ ደ ፎረስት በ1906 ያንን ይዘው ቫልቩን ሠሩ፤ ደካማ ድምፅን ማጉላት የተቻለውም በዚያ ነው። በመኪናው ዓለም ደግሞ በዲትሮይት የኤዲሰን ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሄንሪ ፎርድ የዕድሜ ልክ ወዳጁ ሆነ።

ኤዲሰን 1,093 የአሜሪካ የፈጠራ መብቶችን አስመዝግቦ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 18 ቀን 1931 በ84 ዓመቱ በዌስት ኦሬንጅ ዐረፈ። በቀብሩ ዕለት የአገሪቱ ኤሌክትሪክ በሙሉ ለአፍታ እንዲቋረጥ ታስቦ ነበር። ሆስፒታሉ፣ ፋብሪካውና የውኃ መግፊያው ሁሉ በኤሌክትሪክ ይሠራ ስለነበረ ያ አደገኛ ሆኖ ተገኘ፤ ፕሬዚዳንት ሁቨር ሕዝቡ በየቤቱ መብራቱን ብቻ ለአንድ ደቂቃ እንዲያጠፋ ጠየቁ።