ዓለምን በእንግድነት የዞሩት ቃዲ ኢብን በጡጣ



ስለ ኢብን በጡጣ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው የመንገዳቸው ርዝመት ነው። ከሞሮኮ እስከ ቻይና፣ ከጥቁር ባሕር ማዶ እስከ ማሊ የተጓዙት መንገድ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሆን ይገመታል። እኛ ግን በዚህ በተከበረ ወር ልናነሳ የወደድነው ሌላ ጥያቄ ነው። ይህን ሁሉ አገር ሲዞሩ ማን አበላቸው? ማንስ አሳደራቸው?

ሙሐመድ ኢብን ዐብዱላህ ኢብን በጡጣ በ703 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1304) በሞሮኮዋ የወደብ ከተማ በጣንጃ ተወለዱ። ቤተሰባቸው ቃዲዎች የወጡበት የዕውቀት ቤት ነበር፤ እርሳቸውም በማሊኪ መዝሀብ ፊቅህ ተማሩ። በ725 የረጀብ ወር (እ.ኤ.አ. በ1325) የ21 ዓመት ወጣት ሳሉ፣ ሐጅ ለማድረግ ብቻቸውን ከቤት ወጡ። እናትና አባታቸው በሕይወት ነበሩና መለያየቱ ለሁሉም ከባድ ሆነ።

ከብዙ ቀናት ጉዞ በኋላ ቱኒስ ሲደርሱ፣ የከተማው ሰው ወጥቶ መንገደኞቹን አንድ በአንድ ተቀበለ። እርሳቸውን ግን የሚያውቅ ስላልነበረ ሰላም የሚላቸው ጠፋ። በዚያች ሰዓት አለቀሱ። ይህን ያየ አንድ ሐጅ ተጓዥ ቀረብ ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው፤ ከተማው እስኪገቡም እያጫወተ አጽናናቸው። ያ ሰላምታ ለሰጪው ምንም ወጪ አልነበረበትም። ተቀባዩ ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ የጉዟቸውን ታሪክ ሲያስጽፉ አልረሱትም።

በቀጣዩ ዓመት ረመዷን 9 ቀን ደማስቆ ገቡ። በዚያች ከተማ በረመዷን ማንም ብቻውን አያፈጥርም ነበር። ሹማምንቱና ነጋዴዎቹ ወዳጆቻቸውንና ድሆችን ይጠራሉ። አቅም የሌላቸው ደግሞ ያላቸውን ይዘው በአንዱ ቤት ወይም በመስጂድ ተሰብስበው አብረው ያፈጥራሉ። የማሊኪዎች መምህር የነበሩት ኑረዲን አስ-ሰኻዊ እንግዳውን ቤታቸው እንዲያፈጥሩ ጠሯቸው። ኢብን በጡጣ አራት ሌሊት ከሄዱ በኋላ ትኩሳት ያዛቸውና ቀሩ። ሸይኹ ግን ሰው ልከው አስፈለጓቸው፤ ሕመሙን ምክንያት አድርገው መቅረታቸውንም አልተቀበሉም። ወደ ቤታቸው አስመጥተው፣ ሐኪም ጠርተው፣ ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒትና ምግብ ሁሉ እዚያው እንዲዘጋጅ አደረጉ። እስከ ዒድ አል-ፊጥር ድረስም እንደ ቤተሰብ አቆዩዋቸው፤ ለሐጅ ጉዞ ሲነሱም ስንቅ አስያዟቸው።

የደማስቆ ቸርነት በአንድ ሸይኽ ቤት ብቻ አልነበረም፤ በሕግ የቆመ፣ በወቅፍ የታሰረ ነበር። ሐጅ ማድረግ ላልቻለ የሚውል ወቅፍ ነበር። ለድሃ ሙሽሮች መዳሪያ፣ ለእስረኞች ማስለቀቂያ፣ ለመንገደኞች ምግብና ልብስ፣ ለመንገድ ጥርጊያም እንዲሁ ነበር። አንድ ቀን ኢብን በጡጣ በአንዲት ጠባብ መንገድ ሲያልፉ፣ አንድ ባሪያ የሆነ ልጅ የቻይና ሸክላ ሳህን ከእጁ ወድቆ ሲሰበርበት አዩ። ሰዎች ከበቡት። ከመካከላቸው አንዱ ስብርባሪውን ሰብስቦ ወደ ዕቃዎች ወቅፍ ኃላፊ እንዲወስድ ነገረው። ልጁም ወሰደ፤ ሌላ ሳህን የሚገዛበት ገንዘብም ተሰጠው። ያ ባይሆን ጌታው ይቆጣው ወይም ይመታው ነበር። ይህን ያሰበ ሰው ሀብቱን ለተሰበረ ሳህን፣ በእውነቱ ግን ለተሰበረ ልብ ወቅፍ አድርጎ ሞተ።

ከሐጅ በኋላ መንገዳቸው ወደ እኛም አካባቢ አመጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1331 ገደማ የኢፋት ነጋዴዎች ወደ ባሕር የሚወጡባትን ዘይላዕን ጎበኙ። ትልቅ የገበያ ከተማ መሆኗን መሰከሩ፤ የዓሣውና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ሽታ ግን ስላስቸገራቸው ባሕሩ እየተናወጠ መርከብ ላይ ማደርን መረጡ። በሞቃዲሾ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠማቸው። እዚያ የፊቅህ ሰው እንግዳ ሆኖ ሲመጣ፣ ማረፊያ ከመያዙ በፊት ወደ ከተማዋ ገዥ ይወሰዳል። በቅቤ የበሰለ ሩዝ በትልቅ የእንጨት ገበታ ቀረበላቸው፤ በላዩም የዶሮ፣ የሥጋ፣ የዓሣና የአትክልት ወጥ ነበር። ያልበሰለ ሙዝ በወተት ተቀቅሎ፣ እርጎ፣ በጨው የቆየ ሎሚ፣ እርጥብ ዝንጅብልና ማንጎም ተጨመረ። ይህን ሁሉ ዘርዝረው ስላስጻፉ፣ ከ700 ዓመት በፊት ጎረቤቶቻችን እንግዳን በምን ይቀበሉ እንደነበር ዛሬ እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ በዴልሂ ለሱልጣን ሙሐመድ ኢብን ቱግሉቅ፣ ቀጥሎም በማልዲቭ ደሴቶች ቃዲ ሆኑ። ሹመትም ሀብትም አገኙ፤ መርከብ ሰጥሞባቸውም ንብረታቸውን አጡ። ከሁሉ የከበደው ዕዳ ግን የሚጠብቃቸው በመመለሻቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1348 ወደ ደማስቆ ተመለሱ። ከሃያ ዓመት በፊት እዚያ ነፍሰ ጡር ሚስት ትተው ነበር፤ ወንድ ልጅ መወለዱን ሕንድ ሳሉ ሰምተዋል። መስጂድ ሲገቡ ያገኙት ያንኑ ያስታመሟቸውን ኑረዲን አስ-ሰኻዊን ነበር። ሸይኹ መጀመሪያ አላወቋቸውም። ማንነታቸውን ነግረው ስለ ልጃቸው ሲጠይቁ፣ ከሞተ 12 ዓመት እንደሆነው ሰሙ። በከተማው ከነበረ የአገራቸው ሰው ደግሞ አባታቸው ከሞቱ 15 ዓመት እንዳለፋቸው፣ እናታቸው ግን በሕይወት እንዳሉ ተረዱ። በዚያው ዓመት ወረርሽኝ ገባ። የደማስቆ ሕዝብ ሦስት ቀን ጾሞ በኡመያ መስጂድ አደረ፤ ሲነጋም ሙስሊሙ ቁርኣኑን፣ አይሁዱና ክርስቲያኑም መጽሐፎቻቸውን ይዘው፣ ሁሉም እያለቀሱ አላህን ለመኑ።

ወረርሽኙ ሞሮኮም ደርሶ ነበር። ኢብን በጡጣ በ1349 አገራቸው ገብተው ታዛ ከተማ ሲደርሱ፣ እናታቸው በዚሁ በሽታ መሞታቸው ተነገራቸው። ከ24 ዓመት በኋላ ጣንጃ ሲገቡ የዘየሩት መቃብራቸውን ነው። ወደ ማሊ ካደረጉት ጉዞ በኋላም የሞሮኮው ሱልጣን አቡ ዒናን ባዘዙት መሠረት ታሪካቸውን ለጸሐፊው ኢብን ጁዘይ ነገሩ፤ መጽሐፉ በ1355 ተጠናቀቀ። የቀረ ዕድሜያቸውንም በአገራቸው በቃዲነት ፈጸሙ። አላህ ይዘንላቸው።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ሁለት ሐቆች ይታዩናል። አንዱ የመንገደኛ ሐቅ ነው፤ አላህ ከዘካ ድርሻ ከመደበላቸው ስምንት ወገኖች አንዱ መንገደኛ ነው። የወሎ አባቶችና እናቶች ከሩቅ የመጣን ደረሳ ከጓዳቸው እየመገቡ ዑለማ ያፈሩት ይህን ሐቅ አውቀው ነው። ዛሬም በየሰፈራችን ቤት ተከራይቶ ብቻውን የሚያፈጥር ተማሪና የቀን ሠራተኛ አለ። አንድ ሳህን እንጨምርለት። ሌላው የወላጅ ሐቅ ነው። ኢብን በጡጣ ከሕንድ ወደ ጣንጃ የሚደውሉበት ስልክ አልነበራቸውም። ለእንጀራ ባሕር የተሻገራችሁ ልጆቻችን ግን አላችሁ። ዛሬ ከኢፍጣር በፊት የእናታችሁን ድምፅ ስሙ፣ ዱዓቸውንም ተቀበሉ። አላህ ጾማችንን ይቀበለን።