የሴንት ጄምስ ጎዳናው ሽሙጠኛ፦ ሰዓሊ ጄምስ ጊልሬይ (1756—1815)

በ18ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ በለንደን ከተማ በሴንት ጄምስ ጎዳና ያልፍ የነበረ መንገደኛ፣ ቁጥር 27 ከሆነው ሱቅ ፊት ለፊት ሲደርስ እርምጃውን መግታቱ አይቀርም ነበር። በሱቁ መስኮት መስታወት ላይ በየጊዜው የሚለጠፉትን አዳዲስ የሽሙጥ ሥዕሎች ለማየት ጌታውም ሎሌውም፣ ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም በአንድነት ይሰበሰብ ነበር። ሥዕሎቹን ገዝቶ ወደ ቤቱ ለመውሰድ ገንዘብ የነበረው ጥቂቱ ሰው ነው፤ በነፃ ቆሞ መሳቅ ግን ለሁሉም የተፈቀደ ነበር። ሰዓሊው ከዚያው ሱቅ በላይ ባለው ፎቅ ይኖር ነበር። ስሙም ጄምስ ጊልሬይ ይባላል።

የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ለማኅበራችን አባላትና ለሙያ ባልደረቦቻችን ለማቅረብ የተነሣነው፣ በሥዕል ጥበቡ ከዘመን ጓደኞቹ ልቆ በመገኘቱ ብቻ አይደለም። ኃያላንን በመንቀፍ የሚኖር ባለሙያ እንጀራውን ከማን እጅ እንደሚቀበል የሚነሣው አስቸጋሪ ጥያቄ በእርሱ ሕይወት ውስጥ ጎልቶ ስለሚታይ ጭምር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጊልሬይ በ1756 በቼልሲ ተወለደ። አባቱ የስኮትላንድ ተወላጅ ወታደር ሲሆን፣ በ1745 በፎንትኖይ ጦርነት አንድ ክንዱን አጥቶ ከቼልሲ የጦር ጉዳተኞች ተቋም ድጎማ የሚቀበል ሰው ነበር። ቤተሰቡ ሞራቪያን የተባለው የፕሮቴስታንት ማኅበር አባል ስለ ነበረ፣ አባትዬው የማኅበሩን የመቃብር ስፍራ በመጠበቅ ያገለግል ነበር። ልጁም ገና በሕፃንነቱ ቤድፎርድ ወደሚገኘው የማኅበሩ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። በዚያ ጨዋታ እንደ ኃጢአት፣ ሞትም እንደ መልካም ዕረፍት ይቆጠር ነበር። ወንድሙ በዚያው ትምህርት ቤት ሞተ፤ ከአምስት ልጆች መካከል ለአካለ መጠን የደረሰው እርሱ ብቻ ነው። በመቃብር ጠባቂ ቤት ያደገ ልጅ በኋላ አገር የሚያስቅ ሰው መሆኑ የሚያስገርም ቢመስልም፣ ሥዕሎቹን በጥሞና ለተመለከታቸው ከሣቁ ሥር ያለውን ጨለማ ማየት አያዳግትም።

ለአቅመ ሥራ ሲደርስ ፊደል በመዳብ ላይ ከሚቀርጽ ባለሙያ ዘንድ ለተማሪነት ገባ። ሥራው አሰልቺ ሆኖበት ከተዘዋዋሪ ተዋንያን ጋር ጠፍቶ እንደ ነበር ይነገራል። በ1778 ግን በንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ትምህርት ቤት ተቀባይነት አግኝቶ የሰውን አካል አሣሣል በሥርዓት ተማረ። የቀድሞዎቹ ሽሙጠኞች አብዛኞቹ እንደ ነገሩ ሣይ የሚችሉ ሰዎች ነበሩ፤ ጊልሬይ ግን ታሪካዊ ሥዕል ለመሣል በሚያበቃ ዕውቀት የታጠቀ ሽሙጠኛ ሆነ። ከባድ በሚባለው የሥዕል ዘርፍ ስም ለማትረፍ ሞክሮ እንደ ነበረም አይዘነጋም፤ ሆኖም ገበያው አልቀበለውም።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ሙያው ከዛሬው ኅትመት እጅግ የራቀ ነውና። አስቀድሞ የመዳቡ ሰሌዳ ሰም ባለበት ቅባት ይሸፈናል። ሰዓሊው በቀጭን መርፌ ሰሙን እየፋቀ ከሣለ በኋላ ሰሌዳው በአሲድ ይነከራል፤ አሲዱም መርፌው ባለፈበት ሁሉ መዳቡን ይበላል። ከዚያም በተበላው መስመር ቀለም ተሞልቶ፣ እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በከባድ መጭመቂያ ይታተማል። ቀኙ ግራ፣ ግራውም ቀኝ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ጊልሬይ በሥዕሎቹ ላይ የሚጽፈውን ያን ሁሉ ጥቃቅን ጽሕፈት ወደ ኋላ እየገለበጠ መጻፍ ነበረበት። በመጨረሻም እያንዳንዱ ቅጂ በእጅ ቀለም ይቀባል። በሰዓሊው ሆጋርዝ ጥያቄ በ1735 የወጣው የባለ መብትነት ሕግ ደግሞ የአሳታሚው ስምና ሥዕሉ የወጣበት ቀን በሰሌዳው ላይ እንዲቀረጽ ያስገድድ ነበር። ሕጉ ሰዓሊውን ከአስመሳዮች በሚገባ ባይጠብቀውም ለታሪክ ጸሐፊዎች ትልቅ ውለታ ውሎላቸዋል፤ የትኛው ሥዕል በየትኛው ቀን እንደ ወጣ በእርግጥ ለማወቅ የሚቻለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከ1791 ወዲህ ጊልሬይ ሥራዎቹን ሁሉ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ለአንዲት አሳታሚ ብቻ ሰጠ። እርሷም ሐና ሐምፍሬይ ነበረች። ባል ሳታገባ ወይዘሮ እየተባለች የምትጠራ ብልህ ነጋዴ ስትሆን፣ በቤቷ አስጠግታው፣ ሱቋ ወደ ሌላ ጎዳና ሲዛወር እርሱም አብሮ እየተዛወረ እስከ ዕለተ ሞቱ ከእርሷ አልተለየም። ስለ ሁለቱ ግንኙነት ብዙ ወሬ ተነዝቷል። ሳይጋቡ እንደ ኖሩ ብቻ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ከዚያ አልፎ መገመቱ ለዚህ ጽሑፍ የሚረባ አይደለም።

በ1792 የወጡት ሁለት ሥዕሎች የችሎታውን መጠን ያሳያሉ። በአንደኛው የዌልስ ልዑል ሆዱ ከሰደርያው ተርፎ፣ ጥርሱን በሹካ እየጎረጎረ፣ በተጋጠ አጥንትና በባዶ ጠርሙስ ተከቦ ወንበሩ ላይ ተንጋሏል፤ ከአጠገቡም ያልተከፈለ የዕዳ ወረቀት ተከምሯል። በሁለተኛው አባቱ ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ እሳት በሌለበት ምድጃ አጠገብ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይበላሉ፤ ንግሥቲቱም ቅጠላ ቅጠል ይጎርሳሉ። አባት በቆጣቢነት፣ ልጅ በአባካኝነት እኩል ተዋረዱ። ልዑሉ የተሣለቀበትን ሰው ሥዕሎች ከዚያው ሱቅ ከሚገዙት ደንበኞች አንዱ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያስደንቃል።

በዚሁ ዘመን ስለ ተነገረ አንድ ታሪክ ማረሚያ ቢጤ መጨመር ይገባል። ንጉሡ የጊልሬይን ንድፎች አይተው አልገባኝም በማለታቸው፣ ሰዓሊው ተቆጥቶ ንጉሡ በሻማ ብርሃን የክሮምዌልን ትንሽ ምስል ሲመረምሩ የሚያሳየውን ሥዕል አወጣ ይባላል። ተረቱ ቢጥምም ቀኑ አይገጥምም፤ ሥዕሉ የወጣው በ1792 ሰኔ ወር ሲሆን፣ ንድፎቹ የተገኙበት የፍላንደርስ ጉዞ የተደረገው በ1793 ነውና።

መርፌው ቀልደኛ ብቻ አልነበረም። በ1791 በምዕራብ ኢንዲስ የስኳር እርሻዎች በጥቁር ባሮች ላይ ይፈጸም የነበረውን ግፍ ያሳየበት ሥዕል፣ አንድ የሥራ አለቃ ባሪያውን በሚፈላ የስኳር ጋን ውስጥ ሲደፍቀው ያመለክታል። በዚያ ወር የባሪያ ንግድን ስለ ማስቀረት በፓርላማ ክርክር ተደርጎ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በጥር 1796 ጊልሬይ ለልዑሉ አዲስ የተወለደችውን ሕፃን በሚመለከት ባወጣው ሥዕል፣ የተቃዋሚው ወገን መሪ ፎክስና ጓደኛው ሸሪደን እንደ ሰብአ ሰገል ሆነው ለሕፃኗ ሲሰግዱ አሳየ። ሥዕሉ ሃይማኖትን ያንቋሽሻል ተብሎ ተያዘና ክስ ተመሠረተበት። ወጣቱ ፖለቲከኛ ጆርጅ ካኒንግ ወደ መድረኩ ብቅ ያለው በዚህ ጊዜ ነው። ካኒንግ በጊልሬይ ሥዕል ውስጥ መገኘትን እንደ ክብር ስለሚቆጥር፣ ከ1795 ጀምሮ በወዳጁ አማካይነት ሰዓሊውን ሲያባብል ቆይቶ ነበር። ክሱ ተድበስብሶ ቀረ፤ ካኒንግም በዚያው ዓመት በጥቅምት ምኞቱ ተፈጸመለት። የፈረንሣይ ጦር ለንደንን ቢወርር ምን እንደሚሆን በሚያሳየው ሥዕል ውስጥ በመብራት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ታየ።

ሆኖም ሰዓሊው ወዲያው አልተገራም። በ1797 የካቲት መንግሥት የእንግሊዝ ባንክ ወረቀት በወርቅ መመንዘሩን እንዲያቆም ባዘዘ ጊዜ፣ ጊልሬይ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒትን የባንክ ወረቀት ልብስ የለበሰች፣ በሣጥን ላይ የተቀመጠች አሮጊት እያቀፈ ኪሷን ሲበረብር ሣለው። ባንኩ እስከ ዛሬ የትሬድኒድል ጎዳና አሮጊት እመቤት ተብሎ የሚጠራው ከዚህ ሥዕል የተነሣ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግድም ግን ጊልሬይ በካኒንግ አማላጅነት ከመንግሥት በዓመት 200 ፓውንድ ቀለብ ይቆረጥለት ጀመር። ከዚያ በኋላ መርፌው በአብዛኛው በፎክስና በወገኖቹ ላይ ብቻ ይሾል ጀመር።

አንዳንዶች በዚህ ምክንያት ቅጥረኛ ይሉታል። ፍርዱ ቀላል አይመስለንም። የክስ ፋይል በራሱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከመዳቡና ከመርፌው በቀር ሌላ ሀብት ያልነበረው ሰው ነበር፤ በዚያም ላይ የፈረንሣይን አብዮት ደም መጣጭ አድርጎ መሣል የጀመረው ቀለቡን ከመቀበሉ ከዓመታት በፊት በ1792 ነው። ነገር ግን ሥዕሎቹን በቅደም ተከተል ለተመለከተ ሰው፣ በእነዚያ ዓመታት ፒት ከቀድሞው ጥርስ መዳኑ ግልጽ ነው። በ1801 ፒት ከሥልጣን ሲለቅ ቀለቡም ተቋረጠ፤ ሚዛኑም መልሶ ሁሉንም ወገን መንካት ጀመረ።

ምርጥ ሥራው የወጣው ከዚህ በኋላ በየካቲት 1805 ነበር። ፒትና ናፖሊዮን ለእራት ተቀምጠው የዓለምን ሉል የመሰለ ኬክ ይቆርሳሉ፤ ፒት ውቅያኖሱን፣ ናፖሊዮን አውሮፓን። ሰሙ ገበታ ነው፤ ወርቁ የምድር ቅርምት። ናፖሊዮን ለመድረስ ከወንበሩ ብድግ ማለቱን ልብ ይሏል። በቁመቱ ከዘመኑ ሰው የማያንሰው ይህ የጦር መሪ እስከ ዛሬ በሕዝብ አእምሮ ውስጥ ድንክ ሆኖ የቀረው በአመዛኙ ጊልሬይ ከ1803 ጀምሮ ትንሹ ቦኒ እያለ ደጋግሞ ስለ ሣለው ነው።

ከ1806 ወዲህ ዓይኑ እየደከመ ሄደ፤ ለረቂቅ መስመር ለኖረ ሰው ይህ ከሞት አያንስም። ይጠጣ ጀመር። በራሱ ፈጠራ የሠራው የመጨረሻ ሥዕል የወጣው በ1809 ሲሆን፣ በ1810 አእምሮው ታወከ። በ1811 ከቤቱ የላይኛው ፎቅ መስኮት ራሱን ለመጣል ሞከረ። ወይዘሮ ሐምፍሬይ በዚያው ቤት እየጠበቀች አስታመመችው። የናፖሊዮን ኃይል በዋተርሎ ሊሰበር 17 ቀናት ሲቀሩት፣ ሰኔ 1 ቀን 1815 ሞተ፤ በፒካዲሊ በሚገኘው በቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ተቀበረ።

እርሷ በ1818 ተከተለችው። የመዳብ ሰሌዳዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ ቆይተው፣ በመቶ ዓመቱ አጋማሽ ሄንሪ ቦን የተባለ አሳታሚ ገዝቶ እንደገና አተማቸው። በቪክቶሪያ ዘመን ለጨዋ ቤተሰብ ዓይን አይገቡም የተባሉት 45 ሥዕሎች ግን ከሌሎቹ ተለይተው ብቻቸውን በአንድ ጥራዝ ተጠረዙ።