ሂካ፦ በረሃና ትኩሳት ያላስቆመው የኢሉባቦር ልጅ

  

በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ሰው ከተፈጥሮ ጋር ስላደረገው ትግል የሚናገሩ ታሪኮችን አንብበን ነበር። አንዱ በበረዶ ውስጥ መንገድ ይጠፋበታል፣ ሌላው መርከቡ ተሰብሮ ደሴት ላይ ብቻውን ይቀራል። ታሪኮቹ ደስ ይላሉ፤ ግን ሁሉም የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው። እስቲ ከኛ አገር ማን አለ ብዬ ስጠያይቅ ያገኘሁት ሰው በረሃውን አቋርጦ የተረፈ ብቻ ሳይሆን፣ ከተረፈ በኋላ መጽሐፍ የጻፈም ነው። ስሙ ኦነሲሞስ ነሲብ ይባላል። በኦሮሚያ ብዙ ሰው የሚያውቀው አባ ገመቺስ በሚለው ስም ነው።

የተወለደው በ1856 ገደማ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበር። አፋን ኦሮሞ የምትችሉ ልጆች ትርጉሙን ወዲያው ታውቁታላችሁ፤ የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው። ወላጆቹ ይህን ስም ሲያወጡለት ልጃቸው አድጎ ምን እንደሚሠራ አያውቁም ነበር። እናንተ ግን ስሙን ያዙት፤ ወደ መጨረሻው ላይ እንመለስበታለን።

ሂካ ገና ልጅ ሳለ አባቱ ሞቱ። ከዚያም የባሰ ነገር መጣ። በዚያ ዘመን ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ነበርና፣ የባሪያ ነጋዴዎች ሂካን ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ ቀይ ባሕር ዳር ምጽዋ ድረስ ደረሰ። እስቲ ካርታ አውጡና ለኩት። ከአዳማ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሁሩሙ ምጽዋ ግን በቀጥታ ቢለካ እንኳ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። የዚያን ጊዜው መንገድ ደግሞ ቀጥታ አልነበረም። ተራራ አለ፣ ቆላ አለ፣ ወንዝ አለ። መኪናም የለም። እኛ ሚያዝያ ላይ ከትምህርት ቤት ቤታችን እስክንደርስ ፀሐዩን እንማረራለን አይደል? ምጽዋ በዓለም ላይ በጣም ሞቃት ከሚባሉት ከተሞች አንዷ ናት።

በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊዘርላንድ ሰው ምጽዋ ላይ ሂካን ነፃ አወጣውና እዚያው ለነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። ልጁ ትምህርት ላይ ጎበዝ ሆነ። በ1872 በፋሲካ ቀን ሲጠመቅ ኦነሲሞስ የሚል ስም ወጣለት። ኦነሲሞስ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሚገኝ የባሪያ ስም ነው፤ ስሙ ከየት እንደተነሣ እንዳይረሳ ያደረገው ይመስለኛል። ካሁን በኋላ ትልቅ ሰው ሆነዋልና አንቱ እያልን እንቀጥል።

ኦነሲሞስ ወደ ስዊድን ተልከው አምስት ዓመት ተማሩ። እዚያ መቅረት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ሐሳብ ብቻ ነበራቸው፤ ወደ ወገኖቼ ተመልሼ በቋንቋቸው ላስተምር የሚል። ተመልሰው ምጽዋ ላይ ምሕረት ኃይሉ የተባሉ ሴት አገቡና ብዙም ሳይቆዩ መንገድ ጀመሩ።

ችግሩ ግን መንገዱ ነበር። በዚያ ጊዜ ሚሲዮኖች በደጋው በኩል አልፈው እንዲሄዱ አይፈቀድም ነበር። ስለዚህ ኦነሲሞስና ጓደኞቻቸው ዙሪያ ጥምጥም ሄደው በሱዳን በኩል ወለጋ ለመግባት ወሰኑ። እንግዲህ ከተፈጥሮ ጋር ትግል ማለት ይህ ነው። መጀመሪያ ውኃ የሌለበት በረሃ አለ። ቀጥሎ የዓባይ ቆላ ይመጣል፤ እዚያ ደግሞ ውኃ አለ፣ ነገር ግን ከውኃው ጋር ትንኝ፣ ከትንኙ ጋር ትኩሳት አለ። ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ያኔ ገና አልታወቀም ነበር። አጎበር ይዘን እንተኛ የሚል ሰው አልነበረም።

እስከ አሶሳ አካባቢ ደረሱ። ወለጋ ቅርብ ናት፤ ከዚያ በላይ ግን መሄድ አልቻሉም። ኦነሲሞስም በጠና ታመሙ። ወደ ኋላ ተመልሰው በሚያዝያ 1882 ካርቱም የገቡት በሞትና በሕይወት መካከል ሆነው ነው። በዚያው ወቅት ሱዳን ውስጥ የማህዲ ጦርነት ተቀሰቀሰና መንገዱ ተዘጋ። እንደምንም ተርፈው ከምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ወደሚባል ቦታ ደረሱ።

ሌላ ሰው ቢሆን በቃኝ ይል ነበር። እሳቸው ግን እንደገና ወጡ። በሁለተኛው ጉዞ እንጦጦ ድረስ ሄደው ምኒልክ ፊት ቀረቡ፤ ወደ ወለጋ ለማለፍ ግን አልተፈቀደላቸውም። በ1886 አሁንም ተመልሰው ያችው ሙቀቷ የማይቻል እምኩሉ ገቡ።

አሁን ልብ በሉ። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ሞክረው ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል። እግራቸው መድረስ ካልቻለ መጽሐፉ ቀድሞ ይድረስ ብለው ይመስላል፣ ቁጭ ብለው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ መተርጎሙን ተያያዙት። ግን አንድ ከባድ ችግር ገጠማቸው። በልጅነታቸው ስለተወሰዱ የእናታቸው ቋንቋ ከአፋቸው ጠፍቶ ነበር! ብዙ ቃላት አያስታውሱም። እኔን ከበረሃውም ከትኩሳቱም በላይ ያሳዘነኝ ይሄ ነው። በረሃን ስንቅ ይዘው ይሻገሩታል፤ የተረሳ ቋንቋን ግን በምን ይሻገሩታል?

መልሱ አስቴር ጋኖ የምትባል ልጅ ሆነች። አስቴርም ከሊሙ እናርያ በባርነት ተወስዳ ወደ ዓረብ አገር በጀልባ ስትጓዝ፣ በ1886 የጣልያን መርከብ ጀልባውን አስቁሞ ነፃ ወጥታ ነበር። እሷም እምኩሉ መጣች፤ ቋንቋውን አብጠርጥራ ታውቃለች። ቃላት ሰበሰበች፤ ከማስታወስ ብቻ 500 ያህል ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ ንግግሮችና ዘፈኖች ጻፈች። ሁለቱ አብረው ሠሩ። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። በ1894 የልጆች ማንበቢያ መጽሐፍ ወጣ፤ ውስጡ የኦሮሞ ተረቶችና እንቆቅልሾች አሉበት። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። እኛ ዛሬ አፋን ኦሮሞን በቁቤ እንጽፋለን፤ እነሱ ግን የጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው።

ታዲያ አገራቸው ገቡ ወይ? አዎ! በ1904 ኦነሲሞስና አስቴር ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር ወለጋ ደረሱ። ኦነሲሞስ ነፃ ከወጡ 34 ዓመት ሆኗቸው ነበር። በልጅነት የወጡት ሰውዬ ሽማግሌ ሊሆኑ ተቃርበው ተመለሱ። መጀመሪያ ቦጂ፣ ቀጥሎ ነቀምቴ ላይ ትምህርት ቤት ከፍተው ልጆችን በአፋን ኦሮሞ ማስተማር ጀመሩ። እዚያም ችግር አልቀረላቸውም፤ ተከሰው እስከ አዲስ አበባ ቀረቡ፣ ከአገር እንዲወጡም ተወስኖባቸው ነበር። አፄ ምኒልክ ግን ውሳኔውን ሽረው፣ መስበኩን ትተው እንዲያስተምሩ ወደ ነቀምቴ መለሷቸው። እሳቸውም ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩም ፈቀዱላቸው። ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 1931) አረፉ። ሂካ፣ ማለትም ተርጓሚው፣ በስሙ የተሰጠውን ሥራ ፈጽሞ አለፈ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? እኔ የተማርኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መንገድ ሲዘጋብን መቀመጥም ሥራ ሊሆን ይችላል። ኦነሲሞስ መጽሐፉን የሠሩት መሄድ ባቃታቸው ጊዜ ነው። ሁለተኛ፣ ቋንቋ ካልተጠቀምንበት ይጠፋል፤ ተርጓሚ ከተባለ ሰው አፍ እንኳ ጠፍቷል። እሳቸውን ግን ሌላ ሰው ነጥቋቸው ነው። እኛን ማንም አልነጠቀንም። አዳማ ውስጥ በአንድ ክፍል አማርኛም አፋን ኦሮሞም ሌላም የሚናገር ልጅ አለ። አያቶቻችን ሂቦ ሲሉን ሂበካ ብለን የምንመልስ ስንቶቻችን ነን? እንቆቅልሽ ሲሉንስ ምን አውቅልሽ ብለን እናዳምጣለን ወይስ ስልክ እንነካካለን? እኔ ራሴ አያቴ ከነገሩኝ ተረቶች ሙሉውን የማስታውሰው ሁለቱን ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ ስጽፍ አፈርኩ።

ስለዚህ የቤት ሥራ አለን! እያንዳንዳችሁ ከአያት፣ ከእናት፣ ከአባት ወይም ከጎረቤት አንድ ተረት ወይም አንድ እንቆቅልሽ ጠይቁ፤ በምትችሉት ቋንቋ ጽፋችሁ የሚኒ ሚዲያው ሣጥን ውስጥ ክተቱ። በሚቀጥለው እትማችን እንጽፈዋለን፣ በሰልፍ ላይም እናነበዋለን። አስቴር 500 ጽፋለች፤ እኛ አንድ አንድ አያቅተንም።

ቸር ይግጠመን!