አልፍሬድ ኢልግና የጣቢያ ንድፍ፦ ከሐረርና ከድሬዳዋ እስከ ጨንቻና አርባ ምንጭ

ስለ ኢትዮጵያ የባቡር ታሪክ የተጻፉ ጥናቶች በአብዛኛው የሚያተኩሩት በውሎችና በኃያላን መንግሥታት ፉክክር ላይ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ከመስመሩ ጠንሳሾች አንዱ የነበሩትን የመሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን ሕይወት በመከተል አንድ ጥያቄ ማንሳት ነው፤ ይኸውም ባቡር የሚቆምበትን፣ የሚተላለፍበትንና ፉርጎዎቹን የሚለያይበትን ቦታ የሚወስነው ምንድን ነው የሚለው ነው። ጥያቄው ሐዲድ ላልደረሰበት ለጋሞ ዞንም ትርጉም እንዳለው በመጨረሻው ክፍል ለማሳየት ይሞከራል።

ኢልግ እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 1854 በሰሜን ምሥራቅ ስዊዘርላንድ በምትገኘው ፍራውንፌልድ ተወለዱ። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ የምሕንድስና ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ከአውሮፓ ባለሙያ ይፈልጉ ስለነበር፣ ኢልግ በ1878 ከአገራቸው ተነሥተው በ1879 መጀመሪያ አንኮበር ገቡ። ከዚያም ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በኢትዮጵያ ኖሩ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠሩ፤ አዲስ አበባ ወዳለው ቤተ መንግሥትም ውኃ በቧንቧ አስገቡ። በአገሬው ዘንድ ሙሴ ኢልግ ተብለው የታወቁት እኒህ ሰው በ1897 የመንግሥት አማካሪ ሆነው በውጭ ጉዳይም ንጉሠ ነገሥቱን አገለገሉ።

ትልቁ ሐሳባቸው ግን ባቡር ነበር። መጋቢት 9 ቀን 1894 ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር ሥራውን ፈቃድ ሰጧቸው፤ ከፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኖ ጋርም ኩባንያ አቋቋሙ። ፈቃዱ ሥራውን በሦስት ክፍል ከፍሎት ነበር። የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ ወደ ከፋና ወደ ነጭ አባይ የሚዘረጋ ነበር። በወረቀት ላይ ቀጥተኛ የሚመስለው ይህ እቅድ በመሬት ላይ ከተራራ ጋር ተጋጨ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ ወደ ሐረርጌ ሲቃረብ፣ ሐዲዱን 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ሐረር ማውጣት እጅግ ውድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ መስመሩ ከተራራው ግርጌ፣ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዲያልፍ ተደረገ። በ1902 ባቡሩ የደረሰበት ያ ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። የሐረር ነጋዴ ወደ ባቡሩ ወረደ እንጂ ባቡሩ ወደ ሐረር አልወጣም።

በዚህ ረገድ የጣቢያ ንድፍ ከመስመር ንድፍ ያነሰ አይደለም። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር፣ መስመሩም ነጠላ ስለነበር፣ ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ባቡሮች ሊተላለፉ የሚችሉት በጣቢያ መተላለፊያ ሐዲድ ላይ ብቻ ነው። ፉርጎን ወደ መጋዘን ለማስገባትም ሎኮሞቲቩ ብዙ ጊዜ ከፊት ወደ ኋላ መዞር ይኖርበታል፤ ፉርጎዎቹን ይለቃል፣ በመተላለፊያው አልፎ ከኋላ ይመጣል፣ ከዚያም ይገፋል። ለምሳሌ መተላለፊያው የሚይዘው አራት ፉርጎ ሲሆን ባቡሩ ስምንት ቢጎትት፣ ያው ሥራ ተከፋፍሎ ይደገማል፤ ዋናው መስመርም በዚያ መጠን ተይዞ ይቆያል። ድሬዳዋ የመጠገኛ ሥፍራና የመንገደኞች ማደሪያ የሆነችው እንዲህ ያለ ሥራ ሰፊና ሜዳማ ቦታ ስለሚሻ ጭምር ነው።

ኢልግ የምሕንድስናውን ችግር ቢረዱም የገንዘቡን ችግር መፍታት አልቻሉም። ኩባንያው በፓሪስ ያሰበው ካፒታል አልበቃውም፤ የእንግሊዝ ባለ አክሲዮኖችም ገቡበት። በ1902 የፈረንሳይ መንግሥት ከኩባንያው ጋር ያደረገው ስምምነት ለፈረንሳይ ሰፊ የቁጥጥር ሥልጣን ሰጠ፤ ምኒልክም ሳይማከሩ የተደረገ በመሆኑ ተቃወሙት። ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ስለ ኢትዮጵያ ባቡር እርስ በርሳቸው ተዋዋሉ። ኩባንያው ከሰረ፤ ተሰሚነታቸው የቀነሰው ኢልግም በ1907 ሥራቸውን ለቀቁ። ጥር 7 ቀን 1916 በዙሪክ ዐረፉ። መስመሩ አዲስ አበባ የገባው በቀጣዩ ዓመት፣ በ1917 ነው። ሦስተኛው ክፍል ከነጭራሹ አልተሠራም።

የደቡብ ምዕራቡ ሐሳብ ግን ፈጽሞ አልተረሳም፤ በቅርብ ዘመን በአገር አቀፍ የባቡር እቅድ ውስጥ በአርባ ምንጭ በኩል ወደ ሞያሌ የሚያልፍ መስመር ተካትቶ ነበር። እዚህም የሐረርና የድሬዳዋ ጥያቄ በሌላ መልክ ይነሣል። ደጋማዋ ጨንቻ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ነበረች፤ በ1960ዎቹ መቀመጫው በስምጥ ሸለቆው፣ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች አጠገብ ወደ ተመሠረተችው አርባ ምንጭ ወረደ። ባቡር ቢመጣ የሚከተለው የሸለቆውን ወለል ነው። የደጋው አፕልና ሽመና የሚጫኑበት ሥፍራ ግን አስቀድሞ በንድፉ ውስጥ ካልታሰበ፣ ሐዲዱ በአጠገቡ የሚያልፍ ለሌላ የተሠራ መንገድ ይሆናል።

ይህን ለማጥናት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ አነስተኛ የባቡር ሞዴል፣ አንድ ዋና መስመር፣ አንድ መተላለፊያና ሁለት ወይም ሦስት የመጫኛ ሐዲዶች ያሉት፣ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ በቂ መነሻ ነው። ተማሪው መተላለፊያውን ሲያሳጥርና ሲያስረዝም፣ መቀየሪያውን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲያዛውር፣ እያንዳንዱ ለውጥ ስንት ተጨማሪ ጉዞ እንደሚጠይቅ ቆጥሮ ሊመዘግብ ይችላል። ከኢልግ ሕይወት የሚገኘው መደምደሚያም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ሐዲድ የት እንደሚያልፍ ተራራው ሊወስን ይችላል፣ ማን እንደሚጭንበትና ማን እንደሚጠብቅ ግን የሚወስነው ጣቢያውን የሚነድፈውና የሚከፍለው ነው።