ቮልሴን ያሰባት ሰውዬ

ደጃፌ ላይ የቆመችው ቮልስ እ.ኤ.አ. የ1965 ሥሪት ናት። ራድያተር የላትም። ሞተሯ ከኋላ፣ የነዳጅ ታንኳ ከፊት ነው፤ ማደያ ስገባ የማያውቃት ቤንዚን ቀጂ ሁሌም ወደ ኋላዋ ይሄዳል፣ እኔም ወርጄ የፊቱን ኮፈን እከፍትለታለሁ። መስታወት የሚያጥበውን ውሃ የሚገፋላት ደግሞ የመጠባበቂያ ጎማዋ አየር ነው! ወዳጆቼ በዚህ ጠባይዋ ሲስቁብኝ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ግን እንዲህ አድርጎ ያሰባት ማን ይሆን ብዬ ስለ ሰውዬው ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩት ሁሉ አላስደሰተኝም።

ፈርዲናንድ ፖርሽ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 1875 በዛሬዋ ቼክ፣ በያኔው የኦስትሮ-ሀንጋሪ ግዛት ማፈርስዶርፍ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር። ታላቅ ወንድሙ በመሞቱ ወርክሾፑን ወራሹ እሱ ሆነ፤ የልጁ ልብ ግን ከኤሌክትሪክ ጋር ነበር። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የቤታቸውን መብራት ራሱ ዘረጋ። በ18 ዓመቱ ቪዬና ሄዶ ኤሌክትሪክ ፋብሪካ ተቀጠረ። ዩኒቨርሲቲ አልተመዘገበም፤ ማታ ማታ ሾልኮ እየገባ ያዳምጥ ነበር። በ1917 ያገኘው የዶክተርነት ማዕረግ የክብር ነው።

በ1900 ፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ሞተሮቿ በፊት ጎማዎቿ ውስጥ የተገጠሙ የኤሌክትሪክ መኪና አሳየ። ዘንድሮ የኤሌክትሪክ መኪና እንደ አዲስ ነገር ሲወራ ፈገግ የምለው ለዚህ ነው። ከዚያ በኦስትሮ-ዳይምለር፣ ቀጥሎም በጀርመኑ ዳይምለር ሠራ። በ1931 ሽቱትጋርት ላይ የራሱን የንድፍ ቢሮ ከፈተ። ሕልሙ ትንሽና ርካሽ መኪና ነበረች፤ ለሁለት የሞተር ሳይክል ፋብሪካዎች ንድፍ ቢያወጣም ሁለቱም ወጪውን ፈርተው ተዉት።

ገንዘቡን ያመጣው ሂትለር ነው። እዚህ ጋ ሲደርሱ የቮልስ ወዳጆች ፈጠን ብለው ያልፋሉ፤ እኔ አልቻልኩም። ውሉ በ1934 ተፈረመ፤ ዋጋዋ ከ1 ሺህ ማርክ እንዳይበልጥ ተባለ። በ1936 የሙከራ መኪኖቹ ጀርመን መንገድ ላይ ሲፈተኑ፣ ሙሶሊኒ አዲስ አበባን ይዞ የኛን አባቶች ይፈጅ ነበር። ፖርሽ በ1937 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። ወደ 336 ሺህ ጀርመናውያን በሳምንት 5 ማርክ ቴምብር እየገዙ ለመኪናዋ ቆጠቡ፤ አንዳቸውም አላገኟትም። ጦርነቱ መጣና ፋብሪካው ለሠራዊቱ መሥራት ጀመረ። 20 ሺህ ያህል ሰዎች ተገደው ሠሩበት። ከግዳጅ ሠራተኞቹ እናቶች ተነጥለው በፋብሪካው ማቆያ የተቀመጡ ከ300 በላይ ሕፃናት ሞቱ። ከፋብሪካው መሪዎች አንዱ ፖርሽ ነበር። ሰውዬው ፖለቲካ የማያውቅ መሐንዲስ ብቻ ነው የሚሉለት አሉ። እያንዳንዷን ብሎን ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው፣ ብሎኗን የሚያጠብቀው እጅ ከየት እንደመጣ ይጠፋዋል?

ወደ ሞተሩ ልመለስ። በአየር እንድትቀዘቅዝ ያደረገበት ምክንያት ቀላል ነው፤ የዘመኑ ጀርመናዊ መኪና ማሳደሪያ ስላልነበረው መኪናው ደጅ ታድራለች፣ ውሃ ቢኖራት ደግሞ ሌሊት በረዶ ሆኖ ሞተሩን ይሰነጥቀዋል። ለእነሱ ብርድ የታሰበው ለኛ ዳገት በጀ። ወደ እንጦጦ ስንወጣ ሌላው ራድያተሩ ፈልቶ ጀሪካን ሲፈልግ እኔ አልፌው እሄዳለሁ። ታዲያ መኩራት አያስፈልግም፤ ማራገቢያዋን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ብቻ ነው። ቀዩ የዲናሞ መብራት ከበራ ወዲያው ቁሙ። እኔ አንድ ቀን ለቤት ትንሽ ቀረኝ ብዬ ነዳሁ፤ ሞተሩን ለማሠራት ያወጣሁትን ብር ባለቤቴ እስካሁን አታውቅም። (ይህን ካላነበበች ማለት ነው።) ደግነቱ ሞተሯን ከካምቢዮው ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ብቻ ስለሆኑ ማውረዱ ብዙ አያለፋም። ሦስተኛው ሲሊንደር ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚጋርድበት ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይት መቀየርና የቫልቮቹን ክፍተት ማስተካከል ግድ ነው፤ ያውም ሞተሩ ቀዝቅዞ። በጋለበት ሲያስተካክልልኝ የነበረን መካኒክ ዝም ብዬ ያየሁበት ጊዜ ይቆጨኛል።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ፈረንሳዮች ፖርሽን አሰሩት፤ ሀያ ወር ገደማ ከርሞ ልጁና ባልደረቦቹ ለአንድ የጣሊያን ድርጅት የውድድር መኪና ነድፈው ባገኙት ገንዘብ በዋስ ተፈታ። ፋብሪካውን ከፍርስራሽ ያስነሱት እንግሊዞች ናቸው። እሱ በ1950 ሄዶ መኪናዋ በብዛት ስትወጣ አየ፤ ጃንዋሪ 30 ቀን 1951 በ75 ዓመቱ ሞተ።

እሷ ግን ቀጠለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን ቁጥሯ 21,529,464ኛ ነው። ስለዚህ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስዞር ከአንድ ሱቅ ወደ ሌላው መላኬ አይገርመኝም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቺንጋ አግኝቼ ሁለቱንም ገዛሁ፤ አንዱ ከወንበሩ ሥር ተቀምጧል። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሦስተኛው ሲሊንደር ቀጠሮ አለው።