አዶልፍ ኬትሌ፤ የሰውን ክብደት ከቁመቱ ጋር ያነጻጸረ ሊቅ

በየጤና ተቋሙ የክብደት ሚዛንና የቁመት መለኪያ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። ባለሙያው የታካሚውን ክብደት በኪሎግራም ይመዝንና በሜትር የተለካው ቁመት በራሱ ተባዝቶ ለሚሰጠው ቁጥር ያካፍለዋል። ውጤቱ ከ18.5 ሲያንስ ከሲታነት፣ ከ25 ሲያልፍ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 ሲደርስ ደግሞ ውፍረት ተብሎ ይመዘገባል። ይህን ስሌት ያፈለቀው ሰው ግን ሐኪም አልነበረም፤ ስለ ውፍረት በሽታም አልተመራመረም። ሙያው ሥነ ፈለክና ሒሳብ ሲሆን፣ ስሙም ላምቤር አዶልፍ ዣክ ኬትሌ ይባላል።

ኬትሌ በአውሮፓ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1796 ጌንት በተባለችው ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ ዛሬ በቤልጂግ የምትገኝ ስትሆን በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ አገዛዝ ሥር ነበረች። አባቱን በሰባት ዓመቱ በሞት በማጣቱ ገና በ17 ዓመቱ ሒሳብ እያስተማረ መተዳደር ጀመረ። ልቡ ግን በሥነ ጥበብም የተማረከ ነበር፤ ሥዕል ይሞክር፣ ግጥም ይጽፍ ነበር፤ ከአንድ ጓደኛው ጋርም የኦፔራ ድርሰት አዘጋጅቷል። በ1819 አዲስ ከተቋቋመው የጌንት ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትርና ማዕረግ ከተቀበለ በኋላ በዚያው ዓመት ለማስተማር ወደ ብራስልስ ተዛወረ።

ብራስልስ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ አልነበራትም። ኬትሌ ጣቢያው እንዲሠራ ሐሳብ ስላቀረበ፣ መንግሥት የመሣሪያዎቹን አጠቃቀም እንዲያጠና በ1823 ወደ ፓሪስ ላከው። እዚያም ከላፕላስና ከፉርየ የሊቃውንት ክበብ ጋር ተገናኝቶ ስለ መነጽርና ስለ ሰዓት ብቻ ሳይሆን የፕሮባቢሊቲን ስሌትም ቀሰመ። አንድ የፈለክ ተመራማሪ የአንድን ኮከብ ቦታ ደጋግሞ ቢለካ ልኬቶቹ ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይሆኑም። አብዛኞቹ በመካከል ይሰበሰባሉ፤ ጥቂቶቹ ግራና ቀኝ ይርቃሉ። ተመራማሪውም አማካዩን ወስዶ ወደ ኮከቡ እውነተኛ ቦታ ይቀርባል፤ የቀረውን ልዩነት የመሣሪያና የዓይን ስሕተት ይለዋል። ኬትሌ ከፓሪስ ይዞት የተመለሰው ትልቁ ስንቅ ይህ ነበር፤ የሰውንም ልጅ በዚሁ ዘዴ ለመመርመር ቈረጠ።

የመመልከቻው ጣቢያ ግንባታ ሳያልቅ የ1830 የቤልጂግ አብዮት ፈነዳ፤ ሕንፃውም የታጣቂዎች ምሽግ ሆነ። ይሁን እንጂ የከዋክብቱ ሥራ ቢስተጓጐልም የሰዎቹ ልኬት አልተቋረጠም። ኬትሌ በ1831 ስለ ሰው ልጅ የቁመት እድገት፣ በ1832 ደግሞ በልዩ ልዩ ዕድሜ ስለሚኖረው ክብደት ጥናቶቹን አሳተመ።

ምርመራውን የጀመረው ከልደት ነው። በብራስልስ የማዋለጃ ሆስፒታል አዲስ የተወለዱ ሕፃናት በጥንቃቄ እየተመዘኑ ወንዶቹ በአማካይ 3.20፣ ሴቶቹ 2.91 ኪሎግራም ሆነው ተገኙ። ጨቅላው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገደማ ክብደቱ ጥቂት እንደሚቀንስና እስከ መጀመሪያው ሳምንት ፍጻሜ በጉልህ እንደማይጨምርም አስተዋለ። ዛሬ በማንኛውም የእናቶችና የሕፃናት ክፍል የታወቀው ይህ ነገር በዚያን ጊዜ በቁጥር ተደግፎ መቅረቡ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ከሕፃናቱ ወደ ልጆችና ወደ ጎልማሶች ተሻገረ። የሰው አካል በቁመት፣ በስፋትና በውፍረት እኩል የሚያድግ ቢሆን ኖሮ፣ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ በሆነ ነበር። ኬትሌ ይህን የሚመስል ግንኙነት ያገኘው በመጀመሪያው የሕይወት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ እስከ ጉርምስና ዋዜማ የክብደቱ ጭማሪ ይዘገይና ወደ ቁመቱ ስኩዌር ይጠጋል። አድገው በጨረሱ፣ ቁመታቸው ልዩ ልዩ በሆኑ ሰዎች መካከልም ክብደት የሚለያየው በቁመት ስኩዌር ልክ ገደማ ነው። ይህም ግኝት በ1835 በወጣው ስለ ሰውና ስለ ችሎታዎቹ እድገት በሚያትተው ዋና መጽሐፉ ውስጥ ሰፍሮ ይገኛል። እርሱ የፈለገው የእድገትን ሕግ እንጂ የወፍራምና የቀጭን መለያ አልነበረም።

በዚሁ መጽሐፍ አማካይ ሰው የተባለውን ሐሳብ ለዓለም አስተዋወቀ። የ5,738 ስኮትላንዳውያን ወታደሮችን የደረት ልክ ሲደረድር ቁጥሮቹ 40 ኢንች ገደማ በሆነው መካከል ዙሪያ እንደ ኮከብ ልኬት ተሰብስበው አገኛቸው። በሌላ ጊዜም ለውትድርና የቀረቡ የፈረንሳይ ወጣቶችን የቁመት መዝገብ መርምሮ፣ ከተፈቀደው ዝቅተኛ ቁመት በታች የተመዘገቡት ከሚጠበቀው እጅግ በዝተው፣ ከዚያ ጥቂት ከፍ የሚሉት ደግሞ ጐድለው አየ። ከዚህም የተነሣ ወደ 2,000 የሚጠጉ ወጣቶች አጭር መስለው ከውትድርና ማምለጣቸውን ከወረቀት ብቻ ለማወቅ ቻለ።

ይሁንና የኬትሌ ታላቅነትና ስሕተት ከአንድ ምንጭ የፈለቁ ናቸው። በኮከብ ልኬት ከአማካዩ መራቅ የመሣሪያ ስሕተት ነው፤ ኮከቡ አንድ ነውና። በሰው ልጅ ግን ከአማካዩ መራቅ ስሕተት ሳይሆን የተፈጥሮ ልዩነት ነው። ኬትሌ ይህን ድንበር ተሻግሮ አማካዩን የውበትና የመልካምነት አብነት፣ ከእርሱ እጅግ መራቅን ደግሞ እንደ ጉድለት አድርጎ ተመለከተው። በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንትም ይህን ነቅፈውበታል። ደግሞም የለካቸው ሰዎች በአብዛኛው አውሮፓውያን ስለ ነበሩ፣ አማካይ ሰው የተባለው የጥቂት አገሮች ሰው እንጂ የሰው ዘር ሁሉ አልነበረም።

ዝናው ግን ከፍ እያለ ሄደ። በ1834 የብራስልስ አካዳሚ ቋሚ ጸሐፊ ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ በዚሁ ኃላፊነት ሠራ። በዚያው ዓመት የተመሠረተው የለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር እንዲቋቋም ከገፋፉት አንዱ እርሱ ነበር፤ በ1853 ደግሞ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤ በብራስልስ አስተባበረ። የነርስነት ሙያ መሥራች የሆነችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ሥራውን በአክብሮት ታጠና፣ ከእርሱም ጋር ትጻጻፍ ነበር። በ1855 ድንገተኛ የአንጎል ሕመም ደርሶበት የማስታወስ ኃይሉ ቢዳከምም ሥራውን ሳይተው ቆይቶ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1874 በብራስልስ አረፈ።

ስሌቱ ወደ ሕክምናው ዓለም ጐልቶ የገባው እርሱ ከሞተ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አንሰል ኪይስና ባልደረቦቹ በ1972 ከአምስት አገሮች በተውጣጡ ከ7,000 በላይ ወንዶች ላይ የተለያዩ ስሌቶችን አወዳድረው የኬትሌን መረጡና የሰውነት ክብደት ኢንዴክስ የሚል ስም ሰጡት። ቀላል በመሆኑና በቁመት ልዩነት ብዙም ባለመዛባቱ የብዙ ሰዎችን ሁኔታ ለማነጻጸር አመቺ ነበር። ሴቶችና ሕፃናት ግን በዚያ ጥናት አልተካተቱም። ለሕዝብ ቆጠራ የተመረጠው መሣሪያ ቀስ በቀስ ለአንድ ታካሚ መፍረጃ ሆነ።

ሚዛን ግን ስብን ከጡንቻ አይለይም፤ ስቡ በየትኛው የአካል ክፍል እንደ ተከማቸም አያሳይም። በ2004 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ እንግሊዛዊና አንድ ህንዳዊ ተመራማሪዎች የራሳቸውን አካል አነጻጽረው አሳይተዋል፤ የሁለቱም ኢንዴክስ 22.3 ሲሆን፣ በራጅ ጨረር በተደረገው ምርመራ የአንዱ ስብ 9.1 በመቶ፣ የሌላው 21.2 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ኤም አር አይ የተባለው መሣሪያ ደግሞ ራጅ ስለማይጠቀም ጨቅላዎችን እንኳ ለመመርመር አስችሏል። በ2009 በታተመ ጥናት በህንድ በፑኔ ከተማ የተወለዱ ሕፃናት በለንደን ከተወለዱት አውሮፓውያን ሕፃናት ይልቅ በክብደትም በቁመትም ያነሱ ሆነው ሳለ፣ በሆዳቸው አካባቢ የተከማቸው ስብ ግን በልጦ ታይቷል። ይህ ዓይነቱ ስብ በጎልማሶች ላይ ከስኳር በሽታና ከልብ ሕመም ጋር የተያያዘ በመሆኑ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

በኢትዮጵያም ጥያቄው በቅርብ ይታወቃል። ከ2008 ጀምሮ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በተወለዱ ሕፃናት ላይ፣ ጨቅላው ገብቶበት የሚተካውን አየር በሚለካ መሣሪያ፣ የሰውነታቸው ስብና ከስብ ውጭ ያለው ክብደት ተለይቶ ተጠንቷል፤ በልደት ጊዜ የነበረው ከስብ ውጭ ያለ ክብደት ከኋለኛው እድገታቸው ጋር ግንኙነት እንዳለውም ታይቷል። በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የአርብቶ አደር ልጆች እግራቸው ረጅም፣ ወገባቸው አጭር በመሆኑ፣ ክብደትን ከቁመት የሚያነጻጽረው መለኪያ ከክንድ ዙሪያ ልኬት ይልቅ ብዙዎቹን በምግብ እጥረት የተጎዱ አድርጎ እንደሚቈጥር አመልክቷል። በችግር ጊዜ አልሚ ምግብ ለየትኛው ሕፃን ይቅደም የሚለው ውሳኔ በእንዲህ ያለ ቁጥር ላይ ሲመሠረት፣ የመለኪያው ጉድለት የወረቀት ጉድለት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ይህ ሁሉ የኬትሌን ሥራ ከንቱ አያደርገውም። ርካሽና ፈጣን የሆነው ሚዛን ራቅ ባለ ጤና ጣቢያ የሚተካው የለውም፤ የሕዝብን ጤና አዝማሚያም በሚገባ ያሳያል። ሊቁ ቁጥሩን ያገኘው ብዙዎችን ለክቶ ስለ ብዙዎች ለመናገር ነበር፤ ስሕተቱም አማካዩን የእያንዳንዱ ሰው ዳኛ ማድረጉ ነበር። በሚዛኑ ፊት የሚቆመው ግን ምንጊዜም አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የምርመራው መጀመሪያ እንጂ ፍርዱ አይደለም።